መስኮቱን የሸፈነው ኮረብታ

ጥቅምት 6

ወተቱ ዛሬም ገነፈለ። ሽታው ሲመጣ ከአልጋዬ ብድግ አልኩ፤ ግን ድልድዩ ወርዷል፣ ባቡሩ እየሄደ ነው።

«አባባ፣ ወተት ጥጃለሁ።»

«የጭነቱ ባቡር ይለፍ።»

«ገነፈለ እኮ!»

«ከገነፈለ ወዲያ ምን ያስሮጥሻል?»

እውነታቸውን ነው። ቆሜ ጠበቅኩ። አንዱ ፉርጎ ከልብስ ሳሙና አይበልጥም… ግን ያንን ሁሉ ጎትቶ፣ ጣቢያው ጋ ቆሞ፣ አባባ በአፋቸው ፊሽካ ነፍተውለት፣ እንደገና ተነስቶ። አለፈ። ድልድዩን አነሳሁ፣ ወጣሁ፣ ምድጃውን ፈገፈግኩ።

ለሰው ቢነገር ያስቃል። ከገዛ ክፍሏ ለመውጣት ባቡር እስኪያልፍ የምትጠብቅ ሴት። ጠረጴዛው ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል፣ ትንሹ ሐዲድ በላዩ። በሩ ጋ ሲደርስ በሚነሳ ድልድይ ይሻገራል። መሐል ላይ የአማቴ የአባባ ተሽከርካሪ ወንበርና የኔ አልጋ። ዕቃ ቤቱ እርጥበት ስላለው ነው ባቡሩን ወደዚህ ያመጣነው። «ያመጣነው» እላለሁ ደግሞ… ማን ጠይቆኝ?

ጥቅምት 9

እሑድ። ተቆጣጣሪዋ መጣች። የባሌ ታላቅ እህት ናት፤ «ተቆጣጣሪ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ስትገባ መጀመሪያ ዕቃ ማጠቢያውን፣ ከዚያ የአባቷን ጥፍር፣ ከዚያ እኔን ታያለች። ትኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪ እንደምትፈልግ።

አባባ ሲጠብቋት ነበር። መጽሔት አውጥተው አሳዩዋት። አንድ ሰውዬ የሠራው ትንሽ ባቡር፤ ከኋላው ግድግዳው ላይ ተራራና ሰማይ በትልቁ ታትሞ ተለጥፏል። ክፍል አይመስልም፣ አገር ነው የሚመስለው።

«የኔ ባቡር በባዶ ግድግዳ ሥር ይሄዳል» አሉ። «እስር ቤት አጥር ሥር እንደሚሄድ። እኔ ዕድሜዬን የነዳሁት በዚህ መስኮት በሚታየው መስመር ላይ ነው። ያንን ኮረብታ እፈልገዋለሁ። እንደ ድሮው፣ ይሄ ሁሉ ፎቅ ሳይበቅልበት።»

«ትሠራዋለች» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ እኔን ሳታይ።

«መስኮቱስ?» አልኩ።

«ምን ይሆናል?»

«ይሸፈናል እኮ።»

«ታዲያ እይታው ያው አይደል!» አሉ አባባ ደስ ብሏቸው። «እንዲያውም ያ አስቀያሚ የውሃ ታንከር አይኖርበትም።»

«አምፖል አለልሽ» አለች እሷ። «ንባብሽን በአምፖል ታነቢያለሽ።»

እሺ አልኩ።

ጥቅምት 10

ለምንድነው እሺ ያልኩት?

ጥቅምት 12

ለምን እንደሆነማ አውቃለሁ።

ይህን ባቡር የጀመረው ባሌ ነው። አባቱን እግራቸው ሲከዳቸውና ከሥራ ሲወጡ፣ የሚነዱት ነገር ይኑራቸው ብሎ። ዋሻውን ግማሽ አድርሶ ታመመ። የተኛው እዚሁ፣ መስኮቱ ሥር ነበር። በመጨረሻው ማታ «መስኮቱን ክፈቺልኝ» አለኝ። «ይበርድሃል» አልኩት። «ትንሽ ብቻ…» «ይበርድሃል አልኩህ እኮ። ተኛ በቃ።» ተኛ። ሲነጋ አልነቃም።

ብከፍተው ኖሮ ይድን ነበር ማለቴ አይደለም። ሞኝ አይደለሁም። ግን የመጨረሻ የለመነኝ እሱን ነበር፣ ትንሽ አየር። እኔ ደክሞኝ ነበር። መነሳት ሰልችቶኝ ነበር። ብርዱን ሰበብ አደረግኩት።

ከዚያ ወዲህ ያንን መስኮት ከፍቼው አላውቅም። አያለሁ እንጂ አልከፍትም። ለእሱ ያልተከፈተ ለእኔ… እና ለዚህ ቤት ሰዎች «እምቢ» ማለት አፌ ላይ አይመጣም። ይመጣና ይመለሳል።

ጥቅምት 15

በባሌ ካሜራ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። መጽሔቶቹንም ከሳጥን አውጥቼ አነበብኩ። ፊደል የለየሁት ብቻዬን ነው፤ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ከሳሙና መጠቅለያና ከመድኃኒት ብልቃጥ። ለዚህ ይሆን የማነበው ሁሉ እስካሁን የተሰረቀ የሚመስለኝ?

መጽሔቶቹ እንደሚሉት የደመናው ጠርዝ ስል እንዳይሆን፣ ዓይን ይስባል። ጥላው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይውደቅ፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ቆሞ ማንሳት ነው። ሰው አይግባ፣ የሚሄድ መኪና አይግባ። አባባም ይህን አጥብቀው ይዘዋል።

«የማይንቀሳቀስ ሰው ሬሳ ነው» አሉ። «ባቡሬ ዞሮ ዞሮ በመጣ ቁጥር አንዱ ሰውዬ እግሩን እንዳነሳ ሊጠብቀኝ ነው?»

መስታወቱን አጥቤ ፊቱ ቆምኩ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ትንሽ እየዞርኩ፣ አንዱ ፎቶ የሌላውን ጫፍ እንዲነካ። ያለ መስታወት ይሻላል ይላል መጽሔቱ። እጀታውን ነካሁት… ተውኩት። በመስታወቱ አነሳሁ።

ጥቅምት 19

ዛሬ ልነግራቸው ነበር። ጠዋት ፀሐይዋ አልጋዬ እግርጌ ላይ እንደ ልማዷ ስትተኛ አየኋትና ቆረጥኩ። «አባባ፣ መስኮቱን ብንተወው?» ብዬ ወጥ ስሠራ ለድስቱ ተለማመድኩት። አንደኛ በለሰለሰ ድምፅ፣ ሁለተኛ ኮስተር ብዬ። ድስቱ ተቃውሞ አላሰማም።

ገብቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ…»

«ምነው?»

«ለምንድነው በመስኮቱ የማያዩት? ያው ኮረብታው አለ እኮ።»

«ምን ላይበት?» አሉ። «ሐዲዴ ላይ ሳር በቅሏል። ጣቢያዬ የቆርቆሮ መጋዘን ሆኗል። ሰው እናቱ ከታመመች ወዲህ ባለው መልኳ ብቻ ሊያስታውሳት ይፈልጋል?»

«ሻይ ላምጣልዎት?» አልኩ።

ጥቅምት 23

ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ገጣጠምኩ። አባባ አጠገቤ ሆነው ያዛሉ። የሚጠፋውን ነገር ከአጠገቡ በተቀዳ ሰማይ መሸፈን ነው፣ እንደ መጣፍ።

«ያንን ፎቅ አጥፊው።»

አጠፋሁት።

«አንቴናውን።»

«ይኸው።»

«ታንከሩን! ታንከሩን! እሰይ… እሰይ የኔ ልጅ! ማዘጋጃ ቤት ተቀጥረሽ ቢሆን ኖሮ።»

ስንት ሰፈር አፈረስን። እንዲህ ሲስቁ ካየሁ ቆየሁ። እኔም ሳቅኩ።

ከማዶ ሰገነት ላይ ጠዋት ጠዋት ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች። ስሟን አላውቅም። ወገቧን ይዛ ስትቆም አውቃታለሁ። ቀዩን አንሶላዋን አውቀዋለሁ። አንዱ ፎቶ ውስጥ ገብታለች፣ ክንዶቿን ገመዱ ላይ እንደሰቀለች።

«እሷንም» አሉ።

«ትንሽ ናት፣ አባባ። ማን ያያታል?»

«እኔ አያታለሁ።»

በሰማይ ሸፈንኳት።

ጥቅምት 24

ስነቃ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መስኮቱ ነው። አለች። ቀዩን አንሶላ እያራገፈች ነው። ሞኝነቴ… ምን ትሆናለች ብዬ ነው?

ኅዳር 2

ማተሚያ ቤት ዋልኩ። ባለማተሚያው ጣቶቹ ሁልጊዜ ሰማያዊ ናቸው። የሚያትመው የሠርግ ባነርና የሱቅ ስም ነው።

«ሙሽሮቹ የታሉ?» አለ ፎቶውን ከፍቶ።

«ሙሽራ የለውም። ሰማይና ኮረብታ ብቻ ነው።»

«እናት፣ ሰማይማ ውጭ ሞልቷል እኮ!»

ቁራጭ አትሞ አሳየኝ። ሰማዩ የደብተር ሽፋን መሰለ፣ ድፍን ሰማያዊ። ለራሱም አላማረውም። ወደ ኮረብታው ሲጠጋ ነጣ እያለ፣ ኮረብታውም ወደ ኋላ እየደበዘዘ እንዲሄድ አደረገው። «የራቀ ነገር አይጮህም» አለ። አባባሉን ወደድኩት።

ማሽኑን ሊያስነሳ ሲል ዞር አለ። «ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ነው? ፀሐይ ካገኘው ይለቃል።»

«አያገኘውም። መስኮት ላይ ነው የሚሆነው።»

«መስኮት ላይ ሆኖ ነው ፀሐይ የማያገኘው?»

«መስኮቱን ራሱን ነው የሚሸፍነው።»

እጁን ከማሽኑ አነሳ። «ከመስኮቱ ምንድነው የሚታየው?»

«ይኸው ነው።»

ፎቶውን አየ። እኔን አየ። ማሽኑን አስነሳው። ኮረብታዬ ከማሽኑ አፍ ቀስ እያለ ወጣ፣ ገና ለስለስ ያለ ሙቀት አለው። ጠቅልሎ ሲሰጠኝ «እንዳይታጠፍ፣ እንደ ሕፃን ነው የሚታቀፈው» አለኝ። አቅፌው በእግሬ መጣሁ።

ኅዳር 7

ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ! የኮላው ሽታ ደረታቸውን እንዳይዛቸው ተቆጣጣሪዋ አባቷን ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። «ሲያልቅ ደውዪ፣ እስከዚያ አያዩትም» ብላ።

አናጺው ኮምፔንሳቶውን ቆርጦ አምጥቶልኛል፣ ለሦስቱ ግድግዳ ሦስት ሰሌዳ። ወለሉ ላይ አጋድሜ ኮላውን በሮለር ቀባሁ። ወረቀቱን ከአንድ ጫፍ እየዘረጋሁ፣ በጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እየጫንኩ። አረፋ ከቀረ በመርፌ ወጋ፣ በአውራ ጣት ጫን። ሁለት ወረቀት የሚገናኝበት ዛፍ ላይ እንዲውል አድርጌ ነበር፤ ስፌቱ አይታይም።

ማንም አልጠራኝም። ማንም «ውሃ» አላለኝም። ማታ ላይ ስዘፍን ራሴን ያዝኩት።

ኅዳር 8

ሰቀልነው።

«ከፍታው የት ጋ ይሁን?» አለ አናጺው። መጽሔቱ «አድማሱ በተመልካቹ ዓይን ልክ» ይላል። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ በዓይኔ ልክ በእርሳስ አሰመረ። የግራውንና የቀኙን ሰቀልን። የመስኮቱ ቀረ።

«ልቀጥል?»

«ቆይ።»

ሄጄ አየሁ። ሰገነቱ ላይ ገመዱ ብቻ። የእሷ ሰዓት አልነበረም።

«ቀጥል።»

ጠረጴዛውን ሳብ አድርገን ሰሌዳውን ከኋላው አቆምነው። አናጺው ብሎኑን ሲያጠብቅ ብርሃኑ በጎን በኩል ጠበበ… ጠበበ… ክር ሆነ። ጠፋ።

አናጺው አምፖሉን አበራ። «ውይ! ቁርጥ ኮረብታውን!» አለ። «መስኮት የተከፈተ ነው የሚመስለው።»

ኅዳር 9

ጠዋት መሆኑን በምን ልወቅ?

ኅዳር 10

መጡ። ተቆጣጣሪዋ ዓይናቸውን በመዳፏ ሸፍና፣ እኔ ወንበራቸውን እየገፋሁ አስገባናቸው። እጇን አነሳች። እኔ ፊታቸውን ነበር የማየው።

«ምነው… ጉድጓድ ውስጥ ነኝ?»

«አባባ?»

«ኮረብታው ላዬ ላይ ቆመ እኮ። አንገቴን ሰቅዬ ነው የማየው። ባቡሬ ገደል ሥር ነው የሚሄደው!»

ተቆጣጣሪዋ ግራ ገብቷት ሥዕሉን አየች። «ምን ሆነ? ልክ ነው፣ አባዬ።»

«አንቺ ቆመሽ ነዋ!»

አጠገባቸው ተንበረከከች። ከእሳቸው ቁመት ሆና አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ለማን ነው የሠራሽው?»

እኚህን ሰው በየቀኑ የማጥባቸው እኔ። ኮታቸውን በርከክ ብዬ የምቆልፍላቸው እኔ። ቁጭ ብለው የሚያዩ መሆናቸውን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እንዴት ረሳሁት?

ኅዳር 11

ለማን ነው የሠራሽው…

በዚህ ቤት ሁሉ ነገር በእሳቸው ልክ ነው። የልብስ መስቀያው፣ የመብራቱ ማብሪያ፣ የመታጠቢያው መስታወት። ፀጉሬን ሳበጥር ጎንበስ ብዬ ነው፤ ለምጄው ጎንበስ ማለቴንም አላውቀውም። አንድ ጊዜ፣ ሳላስበው፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ በራሴ ለካሁ። ስህተት ነው። ይስተካከላል።

ግን አናጺው ያንን መስመር ሲያሰምር… ጀርባዬ ግድግዳው ላይ፣ አገጬ ቀና… ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንስ የት እጽፈዋለሁ፣ እዚህ ካልጻፍኩት?

ኅዳር 12

አናጺው ብሎኖቹን ፈታ። ጠረጴዛውን ሳብነው፣ ሰሌዳዎቹ ከኋላው ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ታች ወረዱ። አባባ ከወንበራቸው ሆነው ያዛሉ፤ «ትንሽ… ትንሽ… ቁም!»

አድማሱ ዓይናቸው ልክ ደረሰ። ፊታቸው ፈታ አለ። ባቡሩን አስነሱና በኮረብታው ሥር ሲዞር በዓይናቸው ተከተሉት። «ከዚህች ዛፍ ስደርስ ፊሽካ እነፋ ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ልጄ ሰምቶ በሩ ላይ ይወጣል።»

እኔ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። መካከለኛው ሰሌዳ ሲወርድ የመስኮቱ ጫፍ ብቅ አለ። ሁለት ስንዝር መስታወት፣ ከታተመው ሰማይ በላይ። ለብቻዋ የምትከፈተዋ ትንሿ የላይ መስኮት ያለችበት ነው። የገባው ብርሃን ጣሪያው ላይ ተኛ።

«ለዚህችም ቁራጭ ሰሌዳ ላምጣ?» አለ አናጺው።

«ለዛሬ ተዋት» አልኩ።

ኅዳር 14

እሑድ። ተቆጣጣሪዋ ገና ከመግባቷ ቀና አለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሰማዩ ሁለት ሆነ እኮ። ነገ ለአናጺው እደውላለሁ፣ ይድፈነው።»

«አትደውዪ።»

«ምን አልሽ?»

«አይደፈንም» አልኩ። የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅኩትም።

«የሚወስነው አባዬ ነው።»

«ሥዕሉ የእሳቸው ነው፣ እትዬ። እንዳሉኝ ሠርቻለሁ፣ ዝቅም አድርጌያለሁ። እዚህ የምተኛው ግን እኔ ነኝ። ትንሿን መስኮት አልሰጥም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣሽው?»

ከመቼ ወዲህ? ከአሁን ወዲህ መሆን አለበት። አባባን አየሁ። ገምቼ ነበር፣ ለልጃቸው ይፈርዳሉ ብዬ። እሳቸው ባቡሩን አቆሙት። ዋሻው አፍ ላይ ቀጥ አለ።

«ዝም በሉ ሁለታችሁም። እዩአት።»

«ማንን?»

«ደመናዋን። ትሄዳለች።»

እውነትም። ካተምነው ኮረብታ በላይ፣ በመስታወቱ ጥግ፣ አንዲት ደመና ገብታ እየተሻገረች ነበር። ሦስታችንም አንጋጠን፣ እስክትወጣ ድረስ።

«መጽሔቱ ላይ ያለው ሰውዬ ይሄ የለውም» አሉ አባባ።

ተቆጣጣሪዋ ቦርሳዋን አነሳች። «እንደፈለጋችሁ። በኋላ ግን በረደን እንዳትሉ፣ በዚያች በኩል ብርድ ነው የሚገባው።» የአባቷን ጥፍር ሳታይ ሄደች።

ኅዳር 15

በረደን እንዳትሉ። ጠዋቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። ብርድ… ሁልጊዜ ብርድ።

ምሳ አንስቼ ስጨርስ በርጩማ አምጥቼ ወጣሁበት። ጣቢያውን በጉልበቴ እንዳልገፋው ተጠንቅቄ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራራሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልከፍታት ነው።»

«ይበርዳል።»

ቀጥ አልኩ። የኔ ቃል። ከአባቱ አፍ።

«አዎ» አልኩ። «ይበርዳል።»

እጀታዋ በቀለም ተጣብቋል። ገፋሁ፣ አልሆነም። በመዳፌ መታሁት፣ አልሆነም። ወርጄ ወረቀቱን የቆረጥኩበትን ከተር አመጣሁና ቀለሙን በዙሪያው ፋቅኩት። እንደገና ገፋሁ… ጮኸችና ተከፈተች።

ነፋሱ ተወርውሮ ገባ። ከቀለም ከተነከረ ሰጋቱራ የሠራነው ሳር ከሜዳው ብድግ ብሎ በረረ።

«ሳሬን! ኧረ ሳሬን!»

አባባ ቅንድባቸው ላይ አረንጓዴ ሳር በቀለ። ሳቅ ያዘኝ። እንባም ያዘኝ፣ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። በርጩማው ላይ እንደቆምኩ ከሥዕሉ በላይ ወደ ውጭ አየሁ። ሁሉም አለ። ፎቆቹ፣ አንቴናው፣ ታንከሩ። ቀዩ አንሶላ ገመዱ ላይ ይማታል። እሷ የለችም፣ ግን ልብሱ ሲደርቅ ትመጣለች። መቼስ አትተወው።

ወርጄ ብርድ ልብስ አመጣሁና አባባን እስከ አንገታቸው ጠቀለልኳቸው።

«አልዘጋሽውም እኮ።»

«አልዘጋሁትም።»

አፈጠጡብኝ። ከዚያ ሰጋቱራውን ከጉልበታቸው ላይ በጣታቸው መልቀም ያዙ።

«ልጄም እንዲህ ክፈቱ፣ ክፈቱ ይል ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

የለቀሙትን መዳፋቸው ላይ አጠራቀሙት። «ሳሩ በኮላ ነው መያዝ ያለበት» አሉ። «ነፋስ የሚገባ ከሆነ በኮላ ነው እንጂ።»

ማታ ሳሩን አብረን ለጠፍን። ከዚህ ቤት አልወጣሁም፤ አልወጣም ይሆናል። ድልድዩም እንደወረደ ነው።

ኅዳር 16

አፍንጫዬ ቀዝቅዞ ነቃሁ። ዓይኔን ሳልገልጥ አወቅኩ… ነግቷል።